የራዳር አድማጭ፦ ፈላጊውን ቀድሞ የሚሰማ መሣሪያ

ባሌ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ዓይኑ ተራራ ላይ ያርፋል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጎባ ጀርባ የሚነሣው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው ማዶ መሬቱ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳል። በዚያ ቆላ ሰማይ ላይ በ3,500 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከሮቤ አይታይም። ሮቤ ላይ ራዳር ቢተከልም አያየውም፤ የራዳር ሞገድ ተራራ በስቶ አያልፍምና።

ዛሬ የማስተዋውቀው ቃል ግን ከሚያየው ራዳር ይልቅ ራዳርን የሚሰማውን መሣሪያ ይመለከታል። እንግሊዝኛው ራዳር ዋርኒንግ ሪሲቨር ነው። ቃል በቃል «የራዳር ማስጠንቀቂያ መቀበያ» ቢባል ያሳስታል። መሣሪያው ከማንም ማስጠንቀቂያ አይቀበልም፤ የሚቀበለው የሌላውን ራዳር ሞገድ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው ራሱ ነው። ስለዚህ «የራዳር አድማጭ» ብዬዋለሁ።

እረኛ ገደል ፊት ቆሞ ጅራፉን ሲያጮኸው የገደል ማሚቶው ተመልሶ ይሰማዋል፤ ማሚቶው ከዘገየ ገደሉ ሩቅ ነው። የራዳርም ሥራ ይኸው ነው። በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ 75 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ አውሮፕላን ላይ ነጥሮ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ የአንድ ሰከንድ ሺህኛ ክፍል ግማሽ ነው። ነገር ግን ማዶ ያለው ሰውም የጅራፉን ጩኸት ይሰማል፤ ያውም እረኛው ማሚቶውን ጨርሶ መስማት ከማይችልበት ርቀት። ማሚቶው መንገዱን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ጩኸቱ አንድ ጊዜ ብቻ። በቁጥር ሲሰላ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ማዶ የሚደርሰው ሞገድ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል፤ ወደ ራዳሩ የሚመለሰው ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ። የራዳር አድማጭ ጥቅሙ በሙሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል። አብራሪው ሌላው ሳያየው እየፈለገው መሆኑን ያውቃል።

ምን ያህል ያውቃል የሚለው ራዳሩ በያዘው የአሠራር ስልት ይወሰናል። የመጀመሪያው ስልት ቅኝት ነው። የራዳሩ ጨረር ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እየተመላለሰ ሰፊ ሰማይ ያስሳል፤ እያንዳንዱን አውሮፕላን የሚነካው በጥቂት ሰከንዶች አንዴ ነው። አድማጩ በዚህ ጊዜ የሚሰማው እየመጣ የሚጠፋ ነጠላ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ቅኝት ከክትትል ጋር ነው። ጨረሩ ማሰሱን አያቆምም፤ ኮምፒውተሩ ግን በሁለት ንክኪዎች መካከል ኢላማው የት እንደሚደርስ እየገመተ መንገዱን ይይዛል። ለአድማጩ ይህ ከተራ ቅኝት እምብዛም አይለይም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የራሱ ራዳር ያለው ሚሳይል በዚህ ስልት ሊተኮስ ይችላል፤ ኢላማው የሆነው አብራሪ ነገሩን የሚያውቀው ሚሳይሉ ቀርቦ የራሱን ራዳር ሲከፍት ነው። ሦስተኛው አብራሪዎች «ሎክ» የሚሉት ነጠላ ክትትል ነው። ራዳሩ ሌላውን ሰማይ ትቶ አንድ አውሮፕላን ላይ ያፈጣል። የተኳሹን ሞገድ እየተከተሉ የሚበሩ ሚሳይሎች ይህን ስልት ይፈልጋሉ። አድማጩ ላይ ድምፁ የማይቋረጥ ጩኸት ይሆናል።

አድማጩ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ትንንሽ አንቴናዎች በአውሮፕላኑ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ የትኛው አንቴና ሞገዱን በርትቶ እንደተቀበለ ሲነጻጸር አቅጣጫው ይታወቃል። ከዚያ የሞገዱ ድግግሞሽና ምቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚላክ ይለካና በማስታወሻው ካሉት የራዳር ዓይነቶች ጋር ይመሳከራል። ይህ ማመሳከር የግድ ነው፤ ሮቤ የሚያርፈው የመንገደኞች አውሮፕላንም አፍንጫው ውስጥ የደመና ራዳር አለው፤ የዚህ ዓይነት ራዳር ሞገድ ከብዙ ተዋጊ አውሮፕላኖች ራዳር ጋር በአንድ የሞገድ ክልል ይገኛል። ርቀትን ግን አድማጩ በሞገዱ ብርታት ይገምታል እንጂ አይለካም፤ ሩቅ ያለ ኃይለኛ ራዳርና ቅርብ ያለ ደካማ ራዳር ሊምታቱበት ይችላሉ።

ወደ ሳነቴ እንመለስ። ራዳር ከላይ ወደ ታች ሲመለከት ከዓለቱ የሚመለሰው ሞገድ ከአውሮፕላኑ ከሚመለሰው እጅግ ይበልጣል። የቀድሞዎቹ ራዳሮች ሁለቱን መለየት ስለማይችሉ ሸለቆ ተከትሎ ዝቅ ብሎ የሚበር ያመልጣቸው ነበር። የኋለኞቹ በዶፕለር ለውጥ ይለያሉ፤ ወደ ራዳሩ እየቀረበ ያለ ነገር የሚመልሰው ሞገድ ድግግሞሹ ይጨምራል። የራዳር አድማጩ ጩኸት የደረሰው አብራሪ መድኃኒቱ እዚሁ ውስጥ ነው። ራዳሩን በጎኑ አድርጎ ቢታጠፍ አይቀርብም፣ አይርቅም፤ ፍጥነቱ ለራዳሩ ከመሬቱ ጋር አንድ ይሆንና ከመሬቱ ጋር ተጣርቶ ሊጣል ይችላል። ከተራራ ጀርባ ከገባም ይሰወራል። ተራራ ግን አያዳላም፤ የራዳሩን ዓይን ሲጋርድ የአድማጩንም ጆሮ ይደፍናል። ከሐረና በኩል ሽቅብ ወጥቶ የሳነቴን ጫፍ የሚሻገር አብራሪ ቀድሞ የመስማት ዕድሉን ያጣል፤ የሚሰማውና የሚታየው በአንድ ቅጽበት ነው።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወሰን ጥሶ ሲገባ ሐረርጌና የባሌ ቆላ የጦር ሜዳ ሆኑ። ለገሰ ተፈራን የመሰሉ የኢትዮጵያ አብራሪዎች ያበረሩት ኤፍ-5ኢ ትንሽ ራዳር ነበረው፤ ዝቅ ብሎ የሚበርን ኢላማ ከመሬቱ ለመለየት አልተሠራም። ኢትዮጵያ ግን ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ አሜሪካ ሠራሽ የምድር ራዳር ነበራት። ምድር ላይ ያለ ራዳር አብራሪውን በሬዲዮ ሲመራው የአውሮፕላኑ ራዳር እስከ መጨረሻው ዝም ሊል ይችላል፤ ኤፍ-5 የታጠቀው ሳይድዋይንደር ደግሞ ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ነው። ሙቀት የሚከተል ሚሳይል ሞገድ አይልክም። የራዳር አድማጭ በዚህ ፊት ደንቆሮ ነው። ካራማራ መስከረም 1970 ዓ.ም. በጠላት እጅ ሲወድቅ የጠፋው የመተላለፊያ በር ብቻ አልነበረም፤ ዓይንም ጠፍቷል።

በየካቲት 1991 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው የአየር ውጊያ ሱ-27 እና ሚግ-29 ተጋጠሙ። ሁለቱም ቤርዮዛ የሚባለውን የራዳር አድማጭ ይዘው የተሠሩ ናቸው፤ የአውሮፕላን ሥዕል ዙሪያ በሚበሩ መብራቶች አቅጣጫውን ያሳያል፣ የራዳሩን ዓይነት በስድስት መደቦች ይለያል። ስለ ውጊያው የታተሙ የአቪዬሽን ጽሑፎች በሩቁ የተተኮሱት፣ ነጠላ ክትትል የሚፈልጉት አር-27 ሚሳይሎች አብዛኞቹ እንደሳቱ፣ ቅርብ ለቅርብ የተተኮሰው ሙቀት ተከታዩ አር-73 ግን እንዳገኘ ይናገራሉ። አር-27 ሲመጣ አድማጩ ይጮኻል፤ አር-73 ሲመጣ ዝም ይላል።

በዜና አተረጓጎም ይህን መሣሪያ «ጸረ ራዳር» የምትሉ ጸሐፊዎች እባካችሁ ተዉት። ጸረ ራዳር ማለት የራዳርን ሞገድ ተከትሎ ራዳሩን የሚመታ ሚሳይል ነው፤ ሞገዱን የሚያውከው ደግሞ አዋኪ ነው። የራዳር አድማጭ አይመታም፣ አያውክም፤ ይሰማል፣ ለአብራሪው ይነግራል።