የኦሊምፒክ ቀለበቶችና የቀለማቸው ትርጉም

እርስ በርሳቸው የተያያዙት አምስቱ የኦሊምፒክ ቀለበቶች ለብዙ ሰው ከጥንታዊት ግሪክ የተወረሱ ይመስሉታል። ዓርማውን የነደፉት ግን ፈረንሳዊው ባሮን ፒየር ደ ኩቤርታን ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1913 ነው። በኦሊምፒክ ውድድር መጀመሪያ የተውለበለበውም በ1920 በአንትወርፕ ነበር። ለስሕተቱ አንዱ ምክንያት በዴልፊ የሚገኝ ድንጋይ ነው፤ ቀለበቶቹ የተቀረጹበት ለ1936ቱ የበርሊን ውድድር የችቦ ሥነ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ ኋላ ያዩት ጸሐፊዎች የጥንት ቅርጽ ነው ብለው አሳተሙ።

ከዚህ ይልቅ ጠንቀኛው የቀለማቱ ትርጓሜ ነው። ሰማያዊው ለአውሮፓ፣ ቢጫው ለእስያ፣ ጥቁሩ ለአፍሪካ፣ አረንጓዴው ለአውስትራልያና ለአካባቢዋ፣ ቀዩም ለአሜሪካ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መመሪያ መጽሐፍ እንኳ እስከ 1951 ድረስ ይህንኑ ይል ነበር፤ ኩቤርታን እንዲህ ለማሰባቸው ማስረጃ ስለታጣ ግን ተሰረዘ። ቀለበቶቹ አምስቱን የዓለም ክፍሎች የሚያመለክቱት በአንድነት እንጂ አንዱ ቀለም ለአንዱ ክፍል ተመድቦ አይደለም። ቀለማቱ ነጩን መደብ ጨምሮ ስድስት ሲሆኑ፣ የተመረጡበትም ምክንያት በዚያን ጊዜ የየአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ከእነዚሁ የተውጣጣ በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ኩቤርታን በምሳሌነት ከስዊድንና ከግሪክ ጀምረው እስከ ጃፓንና ቻይና ሲቆጥሩ አንድም የአፍሪካ አገር አልጠሩም። ሆኖም በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሰንደቅ ዓላማችን የታወቁት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከቀለበቶቹ ውስጥ ነበሩ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ የተካፈለችው ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1956 በሜልቦርን ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የሮማን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ ሦስቱ ቀለማት ከዓርማው ጋር በአንድ አደባባይ ታዩ።

እንግዲህ ከጊች አምባ ወርዶ በደባርቅ የሚማር ልጅ «የአንተ ጥቁሩ ብቻ ነው» ቢባል፣ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ የያዙትን ሦስት ቀለበቶች ሳያያቸው ያልፋል። የመማሪያ መሣሪያውም ችግሩን ያብሰዋል፤ መምህሩ ዓርማውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ሲስል፣ ነጩ መደብ ጥቁር፣ ጥቁሩም ቀለበት ነጭ ሆኖ ይገለበጣል። ስለዚህ በነጭ ወረቀት ላይ መሣሉ ይመረጣል፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ፣ ከታች ቢጫና አረንጓዴ ሆነው፣ ቢጫው ሰማያዊውንና ጥቁሩን፣ አረንጓዴው ጥቁሩንና ቀዩን ያያይዛሉ።