ከ«ጌታዬ» እስከ «የኔ እናት»

የማያውቁትን ሰው በስሙ ሊጠሩት አይችሉም። ዝም ብለው «አንተ» ቢሉት ደግሞ ነገር ይመጣል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በስም ፈንታ የሚያቆመው ቃል በአፉ ይዞ ይዞራል። የታክሲው ረዳት «እናቴ፣ ሒሳብ» ይላል፤ የመርካቶው ነጋዴ «የኔ ጌታ፣ ገባ ብለህ እየው» ይላል፤ የቢሮው ባልደረባ «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ይቺን ፈርሚልኝ» ይላል። አንዳቸውም ከተጠሪው ጋር ዝምድና የላቸውም። ታዲያ እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ከፍቅር ብቻ ቢባል ልክ አይሆንም፤ የሥልጣን ታሪክም አለባቸው።

አንዳንዱ መጠሪያ ከቤተ መንግሥት ወደ መንገድ የወረደ ነው። ዛሬ ለማንኛውም ጎልማሳ የምንሰጠው «አቶ»፣ ለነገሥታት ልጆችና ለመኳንንት ይነገር ከነበረው «አቤቶ» የመጣ ነው። «ወይዘሮ»ም በጥንቱ ጊዜ የመሳፍንት ዘር የሆነችዋ ሴት መጠሪያ እንጂ ያገባች ሴት ሁሉ የምትጠራበት አልነበረም። «ልጅ» የሚለው እንኳ የማዕረግ ስም ነበር። ዛሬ ሊስትሮውን «አንተ ልጅ!» ብለን የምንጠራበት ቃል፣ በዳግማዊ ምኒልክ አልጋ ወራሽ በልጅ ኢያሱ ስም ፊት የቆመው ያው ቃል ነው።

ሌላው መጠሪያ ደግሞ ከጓዳ ወደ አደባባይ የወጣ ነው። «እትዬ» ውስጥ ያለችው «እት» በቀድሞው አማርኛ እኅት ናት። «ጋሼ»ም «ጋሻዬ» ከማለት የመጣ ነው ይባላል። የቤት ቃል ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም. የነገሡትን ዳግማዊ ምኒልክን ማስታወስ ይበቃል። ሕዝቡ ወንዱን ንጉሥ በእናት ስም «እምዬ» አላቸው። ሆኖም በሌሉበት «እምዬ» ያለው ሰው ፊታቸው ሲቀርብ «ጃንሆይ» ማለቱን አይዘነጋም። ፍቅሩ የዙፋኑን ርቀት አላጠበበውም።

ወደ ታች ስንወርድ ጭሰኛውን እናገኛለን። ባለመሬቱን «ጌታዬ» ይለው የነበረው ስለወደደው አልነበረም፤ የእርሻው መሬት በእጁ ስለነበረ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። በዚያው ዘመን ደግሞ «ጓድ» የሚለው መጠሪያ በየመሥሪያ ቤቱና በየስብሰባው ነገሠ። ቃሉ ለአማርኛ እንግዳ አልነበረም፤ «ጓደኛ»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ሐሳቡ ሁሉም ሰው እኩል ይጠራ የሚል ነበር። ነገር ግን «ጓድ ሊቀመንበር» እና የቀበሌው ጥበቃ «ጓድ» በአንድ ቃል ቢጠሩም በአንድ ወንበር አልተቀመጡም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ «ጓድ»ም ከየቢሮው አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም «አቶ» ተባሉ።

«ጌታዬ» የጭሰኝነት፣ «ጓድ» የስብሰባ ሽታ ካለው፣ «አቶ» ደግሞ ስም አስከትሎ ካልሆነ ለብቻው የማይቆም ከሆነ፣ ከተሜው እንግዳውን በምን ይጥራው? የቀረው የዘመድ ቃል ነው፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ አባባ፣ ማዘር፣ ፋዘር። እነዚህን ማንም በመመሪያ አላመጣቸውም፤ ማንም በመመሪያ አላስቀራቸውም።

ይሁንና የዘመድ ቃልም ሚዛን ያስፈልገዋል። ሚዛኑ ቃሉ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። ረዳቱ «እናቴ» ሲል ተሳፋሪዋ «እሺ ልጄ» ብትለው ልውውጡ ተካክሏል። የቤት ሠራተኛዋ ግን አሠሪዋን «እትዬ» እያለች፣ ራሷ ስሟ ሌላ ሆኖ ሳለ «ማሚቱ» ስትባል ቃሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። እሷ መልሳ እመቤቲቱን «ማሚቱ» ብትል ምን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሰዋስው ውስጥ አለ። «እናቴ» ከ«እርስዎ»ም ከ«አንቺ»ም ጋር ይሄዳል። «የኔ ቆንጆ» ግን «አንቺ»ን አስከትሎ ነው የሚመጣው። በአንድ ቢሮ ወንዱ «ኢንጂነር» ወይም «አቶ እገሌ» እየተባለ፣ እኩል የተማረችውና እኩል የምትሠራው ሴት «የኔ ቆንጆ» ስትባል፣ አክብሮቱ በሙሉ ወደ እሱ ሄዶ ለእሷ የተረፋት ቁልምጫው ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል። ሆኖም እያንዳንዱን «የኔ ቆንጆ» አዋጅ ሊመዝነው አይችልም። «ለፍቅር ነው እኮ!» የሚለው መልስም ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ችግሩ ተጠሪዋ ፈገግ ከማለት ሌላ ምርጫ ሳይኖራት ሲቀር ነው።

መንገድ ላይ ያገኘናትን ሴት «እናቴ» ማለታችን ስሟን ስለማናውቅ ነው፤ እንግዳን በዘመድ ቃል መቀበል የዚህች አገር መልካም ልማድ ነው። አጠገባችን ባለው ጠረጴዛ ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው ባልደረባ ግን ስም አላት፤ እኛም እናውቀዋለን።