እጅ የተጫነበት ልጅ
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ አዲስ ዲያቆን አገልግሎት የተሰጠ ሐተታ

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት ስለ ክህነት ሁለት ቃል ተናግሯል። በምዕራፍ 5 በማንም ላይ ፈጥኖ እጅ እንዳይጭን ያዝዘዋል፤ በምዕራፍ 4 ደግሞ በእጅ መጫን የተቀበለውን ጸጋ ቸል እንዳይል ይመክረዋል። የፊተኛው ቃል የሿሚ ነው፤ የኋለኛው የተሿሚ ነው። አንድም ሁለቱ ለአንድ ሰው የተነገሩ ናቸው፤ ጢሞቴዎስ አስቀድሞ ተሿሚ ነበረ፣ ኋላም ሿሚ ሆኗልና። በአገራችን ግን የፊተኛውን ቃል መጠበቅ ብዙ ዘመን አስጨናቂ ስለ ነበረ፣ የኋለኛው ሸክም በሕፃናት ትከሻ ላይ ከበደ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበረ፤ እርሱ ሲያርፍም ሌላ እስኪገኝ ድረስ ዘመን ያልፍ ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ክህነት ሲሰጡ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። የቄሶቹ ፈተና ከመጽሐፍ ጥቂት ቃል ማንበብ ብቻ ነበረ። በሌላ ቀን ለዲቁና ከቀረቡት መካከልም ገና መናገር ያልጀመሩ ሕፃናት ነበሩ።

እንግዳው ቄስ ይህን ነቅፎ ቢናገር፣ ጳጳሱ ሕፃናቱ ወደ ፊት ይማራሉ ብለው መለሱለት። እርሳቸው አርጅተዋል፤ ከእርሳቸው በኋላም ሌላ ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አገሪቱም ከዚያ በፊት 23 ዓመት ያለ ጳጳስ ኖራለች። ነቃፊውም እውነት አለው፣ መላሹም እውነት አለው። እጅ ባይጫን መሠዊያው አገልጋይ ያጣል፤ ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይሻልና። ፈጥኖ ቢጫን ደግሞ ያልተፈተነ ልጅ ጽዋውን ይይዛል። ስለዚህ የጳጳሱ መልስ ዕዳ ነበረ። ወደ ፊት ይማራሉ ከተባለ፣ የሚያስተምራቸው ማን ነው? ይህን ዕዳ ከከፈሉት አገሮች አንዱ ከጉና ተራራ ምሥራቅና ደቡብ ያለው አገር ነው።

በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው ወደዚያ ሄዶ ሳያስመሰክር ትምህርቱ እንደ ተፈጸመ አይቈጠርለትም። በዚያው በጋይንት ያለው ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው፤ ቅዱስ ያሬድም በዚያ ተቀምጦ እንዳስተማረ አበው ይተርካሉ። በእስቴ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ ቆማ የተባለው የዜማ ስልት በእርሱ ስም ይጠራል። ከግራኝ ጦርነት የተነሣ መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜም ድጓው በቤተልሔም ተጠብቆ እንደ ቀረ ይነገራል።

ቤተልሔም ማለት የኅብስት ቤት ማለት ነው። በየአጥቢያው ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ትንሽ ቤት በዚሁ ስም ይጠራል፤ የአዲስ ዲያቆንም የመጀመሪያ ሥራው በዚያ ነው። ሌሎች ተኝተው ሳሉ ተነሥቶ ውሃ ይቀዳል፣ ዱቄቱን ያቦካል፣ ኅብስቱን ይጋግራል። እንግዲህ ለልጁ ሁለት ቤተልሔም አለው፤ በአንዱ ኅብስቱን ለሕዝብ ያዘጋጃል፣ በሁለተኛው እርሱ ራሱ ቃለ እግዚአብሔርን ይመገባል። የፊተኛውን ይዞ የኋለኛውን የተወ እንደ ሆነ፣ ለሌላው እየጋገረ ራሱ ይራባል።

የመመገቡ መንገድ ግን ቀላል አይደለም። ከስማዳ ቈላ የተነሣ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ወደ ደጋው ወጥቶ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። ቀን በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ሌሊት ግእዝን፣ ዕዝልን፣ ዓራራይን በቃሉ ያጠናል። ድጓውንም በብራና በገዛ እጁ ይጽፋል። በዚህ ላይ ጥቂት ዓመት አይበቃም።

በቅዳሴ ጊዜ የጳውሎስን መልእክት የሚያነበው ዲያቆኑ ነው። ልጁ ስለ ዲያቆናት የተጻፈውን፣ አስቀድመው ይፈተኑ የሚለውን ትእዛዝ፣ ትርጓሜውን ሳያውቅ በሕዝብ ፊት በግእዝ ያሰማል። ዓመታት አልፈው ትርጓሜውን ሲማር፣ ያነበበው ስለ ራሱ እንደ ነበረ ያስተውላል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር በልቡ ይገባል፤ ሳይገባው ስለ ተሾመ ፍርሃት፣ ሳይገባው ስለ ተሰጠውም ምስጋና። ፍርሃቱ ብቻ ቢቀር ከመቅደስ ይሸሻል፤ ምስጋናው ብቻ ቢቀር ይታበያል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጸጋውን ቸል አይልም።

የጳጳስ እጦት ከዚያም በኋላ ተመልሷል። አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. እስኪገቡ ድረስ አገሪቱ ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ጳጳስ ቈይታ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት መጡ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

እንግዲህ አቡነ ማርቆስ ያቀረቡት ምክንያት ዛሬ የለም። ጳጳስ ቅርብ ነው፤ ልጁ ቢዘገይ ሌላ ቀን ይሾማል። ስለዚህ ያልተማረውን የሚያቀርብ መምህር፣ ለዘመዱም የሚማልድ ባለ ሥልጣን፣ አበው በጭንቅ ያደረጉትን እርሱ በድሎት እንደሚያደርገው ይወቅ። እጅ የተጫነበትን ልጅ ደግሞ መምህር በትምህርት፣ ባለጸጋ በእንጀራ ይርዳው። በደጁ የቆመውን ተማሪ የሚመልስ ሰው፣ ነገ ጽዋውን የሚያቀብለውን ዲያቆን መመለሱ ነውና።

ለጢሞቴዎስ የምክርን ቃል የሰጠ አምላክ ለሿሚዎች ማስተዋልን፣ ለተሿሚዎች ትጋትን ይስጥ፤ አሜን።