ቅንጡ የስፖርት መኪና፦ አቅሙና ምቾቱ ከአሶሳ መንገድ አንጻር

ቅንጡ የስፖርት መኪና ከፍተኛ ፍጥነትን፣ አስተማማኝ የመሪ ቁጥጥርንና የተሳፋሪ ምቾትን አጣምሮ እንዲይዝ የሚሠራ፣ ዋጋው እጅግ ውድ የሆነ አውቶሞቢል ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የቀረበው ፖርሽ 911 የዘርፉ ታዋቂ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የ911 ቱርቦ ኤስ 650 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 2.7 ሰከንድ ይበቃዋል። ይህ ብቃት ግን ልሙጥ አስፋልትን ታሳቢ ያደረገ ነው። አቅምንም ምቾትንም መኪናውና መንገዱ አብረው ይፈጥሯቸዋል፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አያመጣቸውም። አሶሳና አካባቢዋ ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ እንዳያዘነብል ወለሉ ከመሬት 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ ሞላውም ጠጠር ያለ ነው። የፊት ጎማው መጠን 255/35 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው ከስፋቱ በመቶኛ) ሲሆን፣ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የጎማው ግድግዳ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። 265/65 ጎማ የተገጠመለት ላንድክሩዘር ግን 17 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ግድግዳ አለው። ኮሮኮንች ላይ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፦ ወፍራሙ ጎማ ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ሲያልፍ፣ ስሱ ጎማ ምቱን ለቸርኬው ያቀብላል፤ ቸርኬው ይጣመማል፣ ንዝረቱም በሻንሲው አልፎ ወንበር ድረስ ይዘልቃል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፍጥነት ከመቀነስ በቀር ምርጫ የለውም፤ 650ው የፈረስ ጉልበትም ሥራ ይፈታል።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መንገዱ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ ያልፋል፤ በነቀምትና በጊምቢ መካከል ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚሄድ ደግሞ ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ጭቃ ይሆናል፣ በበጋ አቧራ ያስነሣል። አንዳንዶች ዋናው እንቅፋት ከፍታው ነው ይላሉ። አሶሳ ባለችበት በ1,570 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በ14 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን ቱርቦ አየሩን አምቆ ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርን ደግሞ የአየር መሳሳት አይነካውም። ጎርባጣ መንገድን ግን የትኛውም ሞተር አያቃናም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቴክኖሎጂ ችግሩን ፈትቶታል የሚል ነው። በእርግጥ 911 አፍንጫውን በ4 ሳንቲ ሜትር የሚያነሣ መሣሪያ ሊገጠምለት ይችላል፤ ይህ ግን የተሠራው ለመግቢያ ደፍና ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንጂ ለረጅም ኮሮኮንች አይደለም። ፖርሽ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 ካየን የተባለውን ከፍ ያለ መኪና ማውጣቱ የዝቅተኛውን መኪና ገደብ ያረጋግጣል። ካየን ወለሉ ከፍ ሲል ክብደትም ጨምሯል። አምራቹም ቢሆን መንገዱን ተከትሎ መኪናውን ለወጠ።

የኤሌክትሪክ ዘመን ጥያቄውን አሶሳ ለምትገኝበት ክልል ይበልጥ ቅርብ አድርጎታል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። ሆኖም 761 የፈረስ ጉልበት የነበረው የመጀመሪያው ፖርሽ ታይካን ቱርቦ ኤስ እንኳ በአውሮፓ መለኪያ በአንድ ሙሌት ከ420 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም፤ በመንገድ ላይ ቻርጅ ሳያደርግ ከአዲስ አበባ አሶሳ አይደርስም። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚተኛም ከመሬት ያለው ከፍታ ይበልጥ ያሳስባል።

እንግዲህ በአሶሳ መኪና የሚመርጥ ሰው ከፈረስ ጉልበት በፊት የወለሉን ከፍታ፣ የጎማውን ግድግዳና የቻርጅ ማድረጊያውን ርቀት ቢመለከት ይበጀዋል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የጋራው ጥያቄ ነው። ለአንድ ቅንጡ መኪና የሚወጣ ገንዘብ ቢበዛ አራት ሰው ያመቻል፤ የተስተካከለ መንገድ ግን በአውቶቡስ የሚጓዘውን ተማሪም ሆነ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል የምትወሰደውን ወላድ እኩል ያመቻል። ምቾት በዚህ ክልል መገንባት ያለበት ከታች፣ ከመንገዱ ጀምሮ ነው።