ፋዒል ማን ነው? ከበኑ ሙሳ እስከ ሶፊያ

በኮልፌ ቀራንዮ መድረሳዎች አጅሩሚያን የቀራ ደረሳ «ማተ ዘይዱን» በሚለው ዐረፍተ ነገር ዘይድ ፋዒል መሆኑን ያውቃል። ዘይድ ሞተ እንጂ ሞትን አላደረገም፤ ነሕው ግን ፋዒል ይለዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሮቦቷ ሶፊያ አዲስ አበባ «መጣች»፣ «ተናገረች» ሲባል የሆነው ይኸው ነው። በሶፍትዌሯ ሥራ የከተማችን ተቋም የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች ስለተሳተፉበት ነገሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ2017 ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ ዜግነት ሰጥታታለች፤ ተክሊፍ የሌለበት ዜግነት መሆኑ ነው!

በራሱ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የበኑ ሙሳ ወንድማማቾች ሰው ሳይነፋው የሚያዜም ዋሽንት አሠራሩን ጽፈዋል። አል-ጀዘሪ በ1206 ባጠናቀቀው ኪታብ ለንጉሥ የውዱእ ውኃ የሚያፈስ የአገልጋይ ምስል አለ።

የአድራጊነትን ጥያቄ በጥልቀት የመረመረው ግን ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ነው። በ1095 በጨረሰው «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ሦስተኛ መስኣላ፣ ፋዒል ለመባል ፈቃድ፣ ምርጫና የሚሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል ይላል። ሰውን እሳት ውስጥ ጥሎ የገደለ ቢኖር፣ ገዳይ የሚባለው ጣዩ ነው እንጂ እሳቱ አይደለም። ክርክሩ ከፈላስፎች ጋር ስለ ዓለም አፈጣጠር እንጂ ስለ መሣሪያ አልነበረም፤ መስፈርቱ ግን ለመሣሪያም ያገለግላል። ኢብን ሩሽድ አልተቀበለውም፤ እሳትም በተፈጥሮው በእውነት አድራጊ ነው ባይ ነው። እኔ ወደ ገዛሊ አዘነብላለሁ፤ በኢብን ሩሽድ መንገድ ከሄድን አድራጊነትና ተጠያቂነት ይለያያሉና።

ጉዳዩ የኪታብ ብቻ አይደለም። ደረሳው ከስልኩ ያገኘውን ፈትዋ ይዞ ኢማሙ ፊት ሲቀርብ፣ መልሱ ሰነድ የለውም፤ የሰጠው መሣሪያም ኢጃዛ የለውም። በዚያ ፈትዋ ትዳር ቢፈርስ ወይም ውርስ ቢዛባ ማን ይጠየቃል? የጀዘሪ ምስል እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሠሪው የታወቀ ነበር። የዛሬዎቹ ሠሪዎች ግን መሣሪያቸው ምን እንደሚመልስ አስቀድመው በእርግጠኝነት አያውቁም። ስለዚህ የገዛሊ መስፈርት፣ በተለይ ማወቅ፣ በመሣሪያውም በሠሪውም ላይ ሳይሟላ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከዐቂዳ ይልቅ ፊቅህ ይቀርበናል። በሻፊዒይ መዝሀብ እንስሳ ቀን ለብቻው ተለቆ አዝመራ ቢያበላሽ ጥበቃው የአዝመራው ባለቤት ነው፤ ሌሊት ቢያበላሽ ግን የእንስሳው ባለቤት ይከፍላል። እንስሳው ዐቅል የለውም፤ ባለቤቱም ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ዳማኑን ያመጣበት ማሰር በሚገባው ሰዓት መልቀቁ ነው።