ግዝትና ፈቃድ፦ ከብራና ዘመን እስከ ክፍት ፈቃድ

«ክፍት ፈቃድ» የሚባለው አሠራር የአንድ ሥራ ባለመብት ሥራውን ማንም ሰው እንዲያባዛና እንዲያሠራጭ፣ የሚጠብቃቸውን ግዴታዎች ዘርዝሮ አስቀድሞ የሚፈቅድበት ውል ነው። በእኛ አገር ስለ ጉዳዩ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የመጣ እንግዳ ነገር ተደርጎ ይታያል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የብራና መጻሕፍት ይተላለፉበት የነበረውን ሥርዐት ከዚህ አሠራር ጋር አነጻጽሮ፣ ለዛሬው የጥናት ሥራችን የሚተርፈውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

በብዙ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ሁለት ነገሮች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የባለቤቱን ስም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ ግዝት ነው። ሁለተኛው ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው የሚቀርብ ጸሎት ነው። ሁለቱን አስተያይቶ ላነበበ ሰው ሥርዐቱ ግልጽ ነው። ግዝቱ የሚወርደው በሰራቂና በፋቂ ላይ ነው፤ ገልባጩን ግን አይነካውም። እንዲያውም ገልባጩና አስገልባጩ የጸሎቱ ተካፋዮች ናቸው። ስለዚህ የሚጠበቀው ብራናው ሲሆን፣ በብራናው ላይ ያለው ቃል ግን ለሚገለብጠው ሁሉ የተፈቀደ ነበር። መጽሐፍ የሌለው ደብር ካለው ደብር ተውሶ ያስገለብጥ ነበር፤ ድርሰቶቻችን ከአንድ ክፍለ ዘመን ወደ ሌላው የተሻገሩትም በዚሁ መንገድ ነው።

ፈቃዱ ግን ያለ ግዴታ አልነበረም። ግዴታው ስም ነው። የአስገልባጩ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም፣ ይገባል። በቅኔ ቤት ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተቀኘ ተማሪ ሌባ ይባላል፤ የባለቤቱን ስም ጠርቶ የሌላውን ቅኔ ማሰማት ግን ዕውቀት ነው። በሌላ በኩል ሥርዐቱ ጉድለት ነበረበት። ለአስገልባጩ ስም የተሰጠው ጥንቃቄ ለደራሲው ሳይሰጥ በመቅረቱ፣ ደራሲያቸው የማይታወቅ ድርሰቶች በብዛት ወርሰናል።

በመቅደላ የደረሰው ይህን ሥርዐት ከሥሩ የነካ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ሲዘርፍ ከወሰዳቸው ብራናዎች 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። መጽሐፉ ሲሄድ ቃሉን የመገልበጥ ዕድልም አብሮ ሄደ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ፣ ያቀረቡት ምክንያት የአገሪቱ ሕግ በውስጡ ይገኛል የሚል ነበር። በዛሬ አነጋገር የመንግሥት ሰነድ ጠየቁ ማለት ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ካሉት ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። ሁለተኛ ቅጂ መኖሩ መመለሱን ቀላል እንዳደረገው መገመት አያስቸግርም።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ ቀድሞው ሥርዐት የቀረበ ሆኖ አገኘዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው በዚህ ሥራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ 9,000 ገደማ ብራናዎች ፎቶግራፍ ተነሡ። ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ብራናው በቦታው ቀረ፤ የተጓዘው ምስሉ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር ያዘጋጇቸው ዝርዝሮች የእያንዳንዱን መጽሐፍ ደብር ስለሚጠቅሱ የባለቤቱ ስም አልተፋቀም። ዛሬ ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ።

በጽሑፍ ሕግ ረገድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲውን ሀብታዊ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ያስጠብቅለታል፤ ሕግንና የመሳሰሉትን የመንግሥት ጽሑፎች ግን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በውጭው ዓለም ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣቸው ፈቃዶች ዘንድ ዋነኛው ግዴታ የሠሪውን ስም መጥቀስ ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥታለች።

ይህ ፖሊሲ የእኛን ሙያ በቀጥታ ይመለከታል። በሥነ ቃል ላይ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በመደርደሪያ ላይ ከሚያረጁ ቢከፈቱ እደግፋለሁ። ነገር ግን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ያለው ሙሾ፣ ቀረርቶና ተረት የተማሪው ድርሰት አይደለም። ልጇን ያጣች እናት ያወረደችውን ሙሾ ለአንድ ተማሪ ቴፕ ስትሰጥ፣ የፈቀደችው ለዚያ ተማሪ ነው። ዓለም ሁሉ እንዲሰማው መፍቀድ አለመፍቀዷን የጠየቃት የለም። ተማሪው ስሙን በሽፋኑ ላይ ያሰፍራል፤ የእሷ ስም ቢበዛ በአባሪው ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም «አንዲት አልቃሽ» ተብሎ ይታለፋል። ደብሩ ግዝት የሚጽፍበት ብራና ነበረው፤ መረጃ አቀባይዋ ግን የላትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣ ተማሪ መረጃ አቀባዩን ሲቀርጽ፣ የሰጠው ቃል ለማን ክፍት እንዲሆን እንደሚፈቅድና በምን ስም መጠራት እንደሚፈልግ ጠይቆ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የቀድሞዎቹ ጽሑፎች ከመከፈታቸው በፊት፣ የተቻለውን ያህል ወደ ባለቤቶቹ ወይም ወደ ልጆቻቸው ተሄዶ ይጠየቅ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም ካልተሠራ ሥነ ቃላችንን የምንከፍተው የባለቤቱን ስም ፍቀን ይሆናል።