በአርሲ ደጋ የእንጨት ዕቃ ሥራና የቶርኖ ነገር

የአርሲ ደጋ የከብትና የገብስ አገር ስለ ሆነ፥ የቤቱም ዕቃ በአብዛኛው ለወተትና ለገብስ የተበጀ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ያላት አሰላ የተቀመጠችው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። በዙሪያዋም ጥድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ የሞላበት ደን እንደ ነበረ በየቦታው የቀሩት ዛፎች ይመሰክራሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የዚህ አገር ሰው እንጨትን እንዴት ዕቃ እንዳደረገው፥ እንጨትን አሽከርክሮ የሚቀርጸው ቶርኖ ምን ሊጨምርለትና ምን ሊያሳጣው እንደሚችል፥ ይህንንም ሥራ ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ የሚይዝ ሰው ምን ሊያስብበት እንደሚገባ ነው።

ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጩኮ፥ እንዲሁም በኦሮምኛ መርቃ የሚባለው ገንፎ፥ ለእንግዳ የሚቀርበው ቆሪ በሚባል ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ገበታ ነው። ለዚህ ዓይነት ዕቃ በኦሮምኛ ወዴሳ የሚባለው ዋንዛ ይመረጣል፤ እንጨቱ ለስላሳና ቀላል ስለ ሆነ ለስለት ይታዘዛልና። ሠሪው ግንዱን ይቆርጣል፤ በመጥረቢያ ውጭውን ያከብበዋል፤ ከዚያም አፉ በቀለሰ መፈልፈያ ውስጡን ጥቂት በጥቂት ያወጣል፤ በመጨረሻም ፍቆ ቅቤ ያጠጣዋል። የወተቱን ዕቃ ደግሞ እመቤቲቱ በወይራ ጢስ ታጥነዋለች፤ ይኸውም ለመዓዛውና ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው። የቆሪው ክብነት የሚለካው በዓይንና በእጅ ብቻ ነው። ስለዚህም ሁለት ቆሪዎች ከቶ አንድ አይሆኑም።

የሚሽከረከር መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበት እንዝርት ዘወትር ይሽከረከራል። ነገር ግን በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ሸክላ ሠሪዋ ገንቦውን የምታበጀው ያለ መንኰራኵር፥ ጭቃውን በእጇ እያነባበረች ነው፤ የቆሪ ሠሪውም እንደዚሁ እንጨቱን አቁሞ ራሱ ይዞርበታል እንጂ እንጨቱን አያዞረውም። በሌላው ዓለም እንጨቱን የማዞሩ ጥበብ እጅግ የቆየ ነው። በግብፅ አገር ቱና ኤል ጀበል በሚባል ስፍራ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ግድም በተሠራው የጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ አንዱ ሰው ጠፍር እየሳበ እንጨቱን ሲያዞር ሌላው ስለቱን ደግኖ ሲቀርጽ ተሥሎ ይታያል። እኛ ግን መሣሪያውን የምንጠራበትን ቶርኖ የሚለውን ቃል የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው።

በአውሮፓ ይህ ሥራ የድኻ መተዳደሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቶርኖ ክፍል አሠርቶ፥ አንድሬይ ናርቶቭ ከሚባለው ባለሙያው ጋር በገዛ እጁ እንጨትና የዝሆን ጥርስ ይቀርጽ ነበር። ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴም እ.ኤ.አ. በ1701 ስለዚሁ ጥበብ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። መኳንንቱም ሥራውን እንደ ጨዋ ሰው መዝናኛ ይቈጥሩት ነበር።

በእኛ አገር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በብዙ ስፍራ ብረት የሚቀጠቅጥ፥ ቆዳ የሚያለፋ፥ ሸክላ የሚሠራ ሁሉ የተናቀ ነበር። ከአርሲ በስተ ምዕራብ፥ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ ባለው በጉራጌ አገር፥ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው የጥናት መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ የቤቱን ምሰሶ የሚተክሉት በተለምዶ ፉጋ የሚባሉት እንጨት ሠሪዎች ነበሩ፤ እነርሱ ግን ርስት አልነበራቸውም፤ ከሌላውም ጋር አይጋቡም ነበር። ያለ እነርሱ እጅ ቤት አይቆምም፤ እነርሱ ግን በቤቱ እንደ ባዕድ ይቈጠሩ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን ክፉ ልማድ ተመልክተው በ1900 ዓ/ም ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብን ሰው የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መሣሪያ መነካካትና የእጅ ሥራ መመልከት ይወዱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአዋጅ አፍ ይዘጋል እንጂ ልብ አይለወጥም።

በአሰላ የእጅ ሥራ ክብር ያገኘበት አንድ ዘመን ቢኖር፥ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተቋቋመበት ጊዜ ነው። ድርጅቱ ከዘርና ከማዳበሪያው ሌላ ማረሻንና የበሬ ጋሪን ለማሻሻል ይደክም ስለ ነበር፥ የተማረ ሰው ከገበሬው ጋር ስለ እንጨትና ስለ ብረት መመካከር እንደማያሳፍር አሳይቷል።

እንግዲህ ዛሬ አንድ የአሰላ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ከሥራ በኋላ ቶርኖ ልያዝ ቢል፥ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በየጓሮው አለ። አንድ ቀጭንና ተጣጣፊ የባሕር ዛፍ አጣና ከበላይ ይታሰራል፤ ከጫፉ ገመድ ወርዶ በሚቀረጸው እንጨት ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጠምና ከእግር መርገጫ ጋር ይያያዛል። መርገጫው ሲረገጥ እንጨቱ ወደ ሠሪው ይዞራል፤ ስለቱም ያን ጊዜ ይቈርጣል። እግር ሲነሣ አጣናው ገመዱን መልሶ ይስባል። በጥንት ዘመን አውሮፓውያን ገበታቸውን የሚቀርጹት በዚህ ዓይነት ነበር።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚጣመም፥ ጐድጓዳ ዕቃ የሚቀረጸው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የገበታው ግድግዳ ከስፋቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ወፍሮ ይተዋል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ለሚሰፋው 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ለወራት በጥላ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይቀረጻል። በመጨረሻም በአርሲ ደጋ ከሚበቅለው ተልባ የሚወጣው ዘይት ይቀባል፤ ይህ ዘይት አየር ሲያገኘው ይጠነክራልና። እንጨቱ ግን ከወዴት ይምጣ? እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፥ ኮሶን፥ ዝግባንና ጥድን ከደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ዛፎቹ እያለቁ መሄዳቸው ነው። ስለዚህ ለመዝናኛ ብሎ ዋንዛ የሚያስቈርጥ ሰው የሚወደውን ነገር ራሱ ያጠፋዋል። የወደቀ ቅርንጫፍና የጓሮ ዛፍ ይበቃዋል።

ቶርኖ የማይደርስበትም ነገር አለ። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ እርሱም ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ የሚቈረጥ ነው። ባል ሚስቱን ቢበድል እርስዋ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ የአገሩም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ አጥፊውም ይቅርታ ጠይቆ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሚዋጉ ሰዎች መካከል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ቢቆሙ ጠቡ መቆም አለበት። ከሲንቄ ይልቅ ቀጥ ያለና የለሰለሰ በትር በቶርኖ በግማሽ ሰዓት ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን በእርሱ የሚታረቅ ሰው አይገኝም። የበትሩ ኃይል ከሰጪዋ እናት እንጂ ከቅርጹ አይደለምና።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የተማረው ሰው በትርፍ ጊዜው የቀረጸው ገበታ በሳሎን ሲደነቅ፥ በገበያ መሬት ላይ ቆሪ ዘርግቶ የሚሸጠው ሰው በርካሽ የሚከራከሩት ከሆነ፥ የጥንቱ ንቀት ልብሱን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ቶርኖ የያዘ ሰው ግን ክብን ነገር ለማውጣት ምን ያህል ድካም እንዳለበት በገዛ ክንዱ ያውቃል። እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ቆሪ ሠሪው ዘንድ ይሂድ፤ ያለ ቶርኖ በዓይኑ ብቻ ክብ የሚያወጣውን ሰው ጌታዬ ብሎ ይማረው። አዋጁ የጀመረው ሥራ የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው።